አሥራ አራት በድን፣ ሃምሳ ሦስት ክንፍ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9፣ 1997

ባርት፣ የከተማው ባቡር፣ አድማ መትቷል። ባቡር የለመደው ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጥቶ፣ ከሳን ፓብሎ ኦክላንድ ወደብ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስደርስ ጀልባዋ ጭነቷን ግማሽ አራግፋለች። ጋሽ አባተ ቆጥረው ጠበቁኝ። "ሰባት ሻርክ አልፎሻል፣ አምስቱ ሴት ናቸው" አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። መመሪያው በዓይንሽ ያላየሽውን አትጻፊ ይላል። ጋሽ አባተ ግን ጋሽ አባተ ናቸው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ከቸርች መልስ ቤት ነኝ። እጄ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ሎሚም አላስለቀቀው። እናቴ በስልክ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?" ስትለኝ "መንግሥት ቤት ነው" ብዬ አለፍኳት። ሻርክ እለካለሁ ብላት ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ ታድራለች።

ሥራው ሳምፕለር ይባላል። የዓሣ መቀበያው ላይ ቆሜ ከጀልባ የሚወርደውን ሻርክ እቆጥራለሁ፣ ቁመቱን እለካለሁ፣ ወንድና ሴቱን እለያለሁ። ቁጥሬ ሳክራሜንቶ፣ የግዛቱ መንግሥት ጋ፣ ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሰዎች በእሱ ተነስተው የሚቀጥለው ዓመት ማጥመጃ መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ ይላሉ። ዝዋይ ላይ ስድስት ዓመት ቆሮሶ ስለካ ቁጥሬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚህ ይጠይቁኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ ኩራት ይሰማኛል።

በብዛት የሚመጣው ትሬሸር የሚሉት ነው፤ ጅራቱ የቀረውን ገላውን የሚያክል ሻርክ። ሴቷ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ነው የምትወልደው። እንደ ቆሮሶ በሺህ አትፈለፍልም። ላም ማለት ናት። ላሞቹን የጨረሰ ሰው ጥጃ ከየት ያመጣል?

ይህ ሥራ መኖሩን የነገሩኝ ጋሽ አባተ ናቸው። አምና ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝም እሳቸው፤ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ካስትሮ ቫሊ ቤታቸው ስምንት ወር ተቀምጫለሁ። ልጃቸው ሐኒ አልጋዋን ለቃልኝ ወለል ላይ ተኝታለች። ጋሽ አባተ መቀበያው ውስጥ ፎርማን ናቸው፤ ከጀልባ የሚወርድ ሁሉ በእሳቸው ሚዛን ያልፋል፣ በእሳቸው ፊርማ ይወጣል። ቸርች ደግሞ ሽማግሌያችን ናቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ካለ ቆይቷል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

በችኮላ። ትልቋ ጀልባ ገባች። 14 በድን። ክንፉ ለብቻው በሦስት የበረዶ ሳጥን። የጀርባ ክንፉን ለይቼ ቆጠርኩ፤ አንድ ሻርክ ያለው ትልቅ የጀርባ ክንፍ አንድ ነው። 53። እንደገና ቆጠርኩ። 53።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ሕጉ አጭር ነው። ክንፉን ቆርጦ ማምጣት የሚቻለው በድኑ አብሮ ከመጣ ብቻ ነው። ዛሬ ጋሽ አባተን ጠየቅኳቸው።

"ካለፈው ጉዞ የቀረ ነው" አሉኝ። "ፍሪዘር ውስጥ የነበረ።"

"እርጥብ ነው እኮ ጋሼ። ደሙ ገና አልደረቀም።"

ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱና አዩኝ። "መቅዲዬ፣ እኔ የፈረምኩበትን ትጠራጠሪያለሽ?"

ቅጹ ላይ ክንፍ የሚል ሳጥን አለ። ባዶውን ተውኩት። 14 ብቻ ጻፍኩ፤ 14 ደግሞ እውነት ነው። ባዶ መተው ውሸት መጻፍ አይደለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ዛሬ የመጣችው ሴት 4 ሜትር ከ10። ሆዷ ሲከፈት አራት ልጆች። ጅራታቸው ተጠቅልሎ፣ ዓይናቸው ክፍት። ለካኋቸው፣ መዘገብኳቸው። ሠራተኞቹ እየሳቁ "መንታ፣ መንታ" አሉ። ውኃው ዘንድሮ ሞቋል፣ ኤልኒኞ ነው ይላሉ፤ ሻርኮቹ ወደ ዳር ቀርበዋል። ለጀልባዎቹ ሠርግ ነው።

ክንፍ፦ 31። በድን፦ 12። ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ዴብራ መጣች። ዋርደን ናት፣ ሽጉጥ የምትታጠቅ የዓሣ ፖሊስ ማለት ናት። ቡና በወረቀት ኩባያ ይዛ መኪናዬ ላይ ተደግፋ ጠበቀችኝ።

"መቅደስ፣ የአንቺ ቅጽ ከሁሉም ወደብ የጸዳ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ የክንፍ ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ባዶ ነው።"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኳት።

"ይገባኛል። ከረሳሽው ጻፊልኝ።"

"እሺ።"

ፈገግ ብላ ሄደች። ሰው ሲያምነኝ ለምን እንደሚያመኝ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ትልቋ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሐበሻ አለ፣ ቡልቻ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ አሥራ ምናምን ዓመት አገልግሎ፣ በየመን በኩል ወጥቶ እዚህ የደረሰ። ብዙ አይናገርም። ዛሬ ግን በረዶ ሊጭን መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"እህቴ፣ አንቺ የምትቆጥሪው የተረፈውን ነው" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ዋናው ቆጠራ ባሕር ላይ ነው። መረቡ ሲወጣ ክንፉን ይቆርጡና የቀረውን ይጥሉታል። ሥጋው ቦታ ይይዛል፣ ክንፉ አይዝም።"

"ሞተው ነው የሚጣሉት?"

አካፋውን በረዶው ውስጥ ሰካው። "ከነነፍሳቸው። መዋኘት አይችሉም፤ እንደ ግንድ እየተንከባለሉ ይሰምጣሉ። እኔ ጦርነት ላይ ነበርኩ፤ መርከብ ሲቃጠል አይቻለሁ። ይሄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።"

ለዋርደኗ ንገራት አልኩት። ሳቀ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አላለቀም፣ ሁለት ልጆቹ ሰንዓ ናቸው፣ ካፒቴኑ ደግሞ ጥሩ ሰው አይደለም። "አንቺ ታውቂ ብዬ ነው። ስሜን ግን እንዳታነሺ" አለኝ። ቃል ገባሁለት። በእግዚአብሔር ስም ነው የገባሁት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

በድን 9። ክንፍ 44። ይህን እዚህ እጽፈዋለሁ። ቅጹ ላይ አልጻፍኩም።

እኔ 9 ስጽፍ ከባሕሩ የጎደለው 44 ነው። ሳክራሜንቶ ያለው ሰውዬ 9ን አይቶ "ጥሩ ነው፣ ተጠንቅቀው እያጠመዱ ነው" ይላል።

ብጽፈው ጋሽ አባተ ናቸው የሚያዙት። ፊርማው የእሳቸው ነው። ካፒቴኑማ ምን ይሆናል፣ ጠበቃ አለው።

መጀመሪያ እሳቸውን ላናግር። እንዲህ ይሻላል። ይተዉት እንጂ ያለፈው ያልፋል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ከቸርች በኋላ ካስትሮ ቫሊ ሄድኩ። የጋሽ አባተ ባለቤት እትዬ ዘነቡ እንደ ወትሮው ከሳሽ፣ ጠቆርሽ እያሉ ምሳ አበሉኝ። ጋሽ አባተ ጋራዥ ውስጥ የሣር ማጨጃቸውን እየፈቱ ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ በድን ሳይኖር ክንፍ ብቻ ከመጣ አይፈርሙ። ዴብራ መጠየቅ ጀምራለች።"

"ምን ብላ?"

"ባዶ የተውኩትን ሳጥን አይታለች። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የተውኩት።"

"ለኔ ብለሽ ምንም አትተዪ። እኔ ሚዛን ላይ የወጣውን ነው የምፈርመው። ባሕር ላይ የሚሆነውን አላይም።"

"ከነነፍሳቸው እየቆረጡ እንደሚጥሏቸው ያውቃሉ?"

እጃቸው ቆመ። "ይህን ማን ነገረሽ?"

"ማንም ይንገረኝ።"

"አንቺ ባሕር ላይ ወጥተሽ አታውቂም። ማን ነገረሽ?"

"ይተዉት ጋሼ።"

"እዚያ ጀልባ ላይ አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ነው ያለው።" ዓይናቸው ቡሎኑ ላይ ነበር፣ እኔን አላዩኝም።

ዝም አልኩ።

ስም አልጠራሁም። ይህን እዚህ ማስፈር እፈልጋለሁ፤ ስም አልጠራሁም። ቀጥሎም "ሻይ ጠጪ" አሉኝና ገባን። ሐኒ ሶፋው ላይ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ይዛ ቀና ብላ አየችን። ስወጣ እትዬ ዘነቡ ዳቦ ቋጠሩልኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ቡልቻን አየሁት። እጁን አነሳልኝ። ደህና ነው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ጀልባዋ ለሁለት ሳምንት ወጣች። ቡልቻም አለበት። ባባረሩት ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ አላውቅም። ማን ሊያባርረው?

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ስብከቱ ስለ ጴጥሮስ ነበር። ጋሽ አባተ ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጠው አንድም ጊዜ ወደኔ አልዞሩም። እኔም መዝሙሩ ሳያልቅ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ጀልባዋ ቀኗ ሳይደርስ ገባች። አምቡላንስ ቆሞ ነበር። ቡልቻን በቃሬዛ አወረዱት። ቀኝ እጁ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ፎጣው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አይታወቅም። መረቡን የሚጠቀልለው ማሽን ነው ይላሉ። የተጠላለፈ ሲያላቅቅ ተነሳበት። ማን እንዳስነሳው የሚናገር የለም። ካፒቴኑ "አክሲደንት ነው፣ ለራሱ ጥንቃቄ የለውም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑ ክፍት ነበር። አየኝ። 

ከዚያ በኋላ 17 በድን ለካሁ። አንድም ቁጥር አልሳትኩም። ይህ ነው የሚገርመኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ሦስት ጣት አጥቷል። አውራ ጣቱ ተርፏል። ሆስፒታል ሄጄ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ነርሷ "ዘመድ ነሽ?" አለችኝ። አይደለሁም አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ሐኒ ደወለች። አማርኛውን ትሰማለች፣ መልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ዳድ ኢዝ ክራይንግ ኢን ዘ ጋራዥ" አለችኝ።

"ለምን ያለቅሳሉ? ምን ሆኑ?"

"ዩ ኖው ዋይ።" ምክንያቱን አንቺው ታውቂያለሽ ማለቷ ነው። "አይ ሄርድ ዩ ጋይዝ ዛት ሰንዴይ፣ መቅዲ።"

ያን እሑድ ጋራዥ ውስጥ ያወራነውን ሰምታለች። ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ጋሽ አባተ ሳን ፓብሎ ድረስ መጡ። የኔ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳ እየደገፉ ወጡ። ልይዛቸው ብል እጄን ገፉት። ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉ።

"ለካፒቴኑ የነገርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰውዬው አፉ አያርፍም፣ ከጀልባው አውርደው አልኩት። ያባርረዋል ብዬ ነው። ሌላ ሥራ እፈልግለታለሁ ብዬ ነበር። በልቤ ሥራውንም መርጬለት ነበር፤ የቸርች ሰው ነዳጅ ማደያ አለው፣ ሳን ሆዜ።"

"ካፒቴኑ ምን አለዎት?"

"'አንድ ጉዞ ይጨርስ' አለኝ። ይሄንኑ ብቻ።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። "እሱ ሆን ብሎ ያደረገው ይሁን፣ ማሽኑ ራሱ ይሁን፣ አላውቅም። እስክሞት አላውቅም።"

ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም።

"እኔ ፊርማዬን መካድ አልችልም" አሉ። "አንቺ ግን ገና ወጣት ነሽ። ባዶ ሳጥን ብዙ ሰው ይረሳል። ረሳሁ በያቸው።"

ልጅ ሆኜ አባቴ ሲሞት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ይዘውኝ የሄዱ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ሊያድኑኝ መጥተዋል። እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እንደገና ሳነበው ግን ማንን ሊያድኑ እንደመጡ እርግጠኛ አይደለሁም።

"ጋሼ፣ ስምዎን ሳልጠራ መናገር አልችልም" አልኳቸው።

 "ጥሪው" አሉና ተነሱ። ደረጃውን ሲወርዱ ድጋፌን አልተቃወሙም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ዴብራ ቢሮ። ሴፕቴምበር 24፦ 14 እና 53። ኦክቶበር 1፦ 12 እና 31። ኦክቶበር 16፦ 9 እና 44። እያነበብኩላት ጻፈች።

"ይህን ሁሉ በቃልሽ ነው የያዝሽው?"

"እቤት ጽፌዋለሁ። በራሴ ደብተር።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ስለዚህ አልረሳሽውም።"

"አልረሳሁትም።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "ሴፕቴምበር ላይ ብትነግሪኝ በሚቀጥለው ቀን ጀልባዋ ላይ እወጣ ነበር" አለች። ቀኑን በልቤ ቆጠርኩ። ከሴፕቴምበር 24 እስከ ኖቬምበር 6 አርባ ሦስት ቀን ነው።

ሳላይ የጻፍኳቸውን ሰባት ሻርኮችም ነገርኳት፣ የአድማውን ቀን። ትንሽ ነገር ነው። ግን የጀመረው እዚያ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ሌሎች ዋርደኖችን ይዛ ገባች። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ክንፍ በጆንያ አገኙ። ጋሽ አባተ ቁልፉን ራሳቸው ከፈቱላቸው። በካቴና አላሰሯቸውም። ማታውኑ ግን ኩባንያው አሰናበታቸው፤ ካፒቴኑ ደግሞ "ፎርማኑ ነው ያደራጀው" ብሎ ቃሉን ሰጠ።

እኔ ከመቀበያው ተነስቻለሁ። ምርመራው እስኪያልቅ ቢሮ ውስጥ የቆየ ወረቀት ኮምፒውተር ላይ እከታለሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ቸርች ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም። ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ።

"ስምንት ወር ቤታቸው አስቀምጠዋት!"

"የበላችበትን ወጪት ሰባሪ።"

"ለዓሣ ብላ እኮ ነው። ለዓሣ!"

እስኪወጡ ጠበቅኩ። ቡልቻ የሚል ስም አንዳቸውም አላነሱም። እሱ ቸርች አይመጣም፤ አያውቁትም።

አዳራሹ ውስጥ እትዬ ዘነቡ መጥተው ሳሙኝ። ሦስት ጊዜ፣ ሰው እያየ።  ከሴቶቹ ንግግር ይልቅ ይሄ ጣለኝ። መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ጀልባዋ የለችም። ወደ ደቡብ ሄዳለች ይላሉ፣ ስሟም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ካፒቴኑ ጠበቃ ይዟል። ዴብራ እንደምትለው የመቀበያው ጉዳይ ያስኬዳል፣ ባሕር ላይ ስለተደረገው ግን በዓይኑ ያየ ሰው ቃል ካልሰጠ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። ሌሎቹ ሠራተኞች አላየንም ብለዋል።

"ቡልቻ ቃሉን በራሱ ቋንቋ ማስጻፍ ይችላል" አለችኝ። "እኛ እናስተረጉመዋለን። ለኔ ግን በር አይከፍትም። ማንን እንደሚያምን ታውቂያለሽ?"

አላውቅም አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ቡልቻ አፕታውን በሚሉት ሰፈር፣ ከአንድ የተዘጋ ጫማ ቤት በላይ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋውን አሳየኝና ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠ።

"ዋርደኗ ልካሽ ነው?"

"አዎ። ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ልንገርህ።"

"ጋሽ አባተ መጥተው ነበር" አለኝ። "እዚህ ወንበር ላይ ሆነው አለቀሱ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከአንቺ ግን አልሰማሁም።"

ስም አልጠራሁም የሚለው አፌ ላይ ደረሰ። ለሰባት ሳምንት ይዤው ስዞር ነበር። ዋጥኩት።

"ማን ነገረሽ ብለው ጠየቁኝ። ጀልባው ላይ አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ነው ያለው አሉ። አይደለም ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ስል አንተ መሆንህን እንደነገርኳቸው አውቄ ነበር። ያን ዕለትም አውቄ ነበር።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከታች ከጫማ ቤቱ በር ሸራ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ይሰማል።

"ይቅር በለኝ አላልሽም" አለ።

"እንዴት እንደምል አላወቅኩም።"

"አትበዪ። አሁን አትበዪ።" ደህናውን እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ። "ወረቀት አለሽ? እኔ መጻፍ አልችልም። በአማርኛ ይሁን። እኔ ያልኩትን፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ሌላ ሰው ነው የሚያስተረጉመው፤ ብታሳምሪው አውቃለሁ።"

ተናገረ፣ ጻፍኩ። ከኦገስት ጀምሮ ያየውን፣ ጉዞ በጉዞ፣ ቀን በቀን። ባሕር ኃይል የነበረ ሰው ነው፤ ሰዓቱንም፣ ነፋሱንም፣ ከየትኛው ወገን መረቡ እንደወጣ ሁሉ ያስታውሳል። ስንት እንደተቆረጠ፣ ስንቱ ሲጣል ይንቀሳቀስ እንደነበር። ካፒቴኑ ቢላውን ለማን እንደሰጠ። እሱም ራሱ ስንት እንደቆረጠ ተናገረ፤ ይህን ሲል ድምፁን አላወረደም። ከዚያ ኖቬምበር 5 ላይ ደረሰ። ማሽኑ ሲነሳ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። "ማን እንዳስነሳው አላየሁም ብለሽ ጻፊ" አለኝ። "ያላየሁትን አልልም።"

ጨረስን ብዬ ብዕሩን ላስቀምጥ ስል፣ "ገና ነው" አለ።

"ምን ቀረ?"

"ይህን መጀመሪያ የነገርኩት ኦክቶበር 14 ቀን ለሳምፕለሯ ለመቅደስ ነው። ስሜን እንዳታነሳ ለምኛት ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ በእሷ በኩል ፎርማኑ አወቀ፣ በፎርማኑ በኩል ካፒቴኑ አወቀ። ጻፊው።"

አየሁት። ቁጣ አልነበረበትም። ሥራ የሚያሠራ ሰው ፊት ነው።

"ይሄን ካልጻፍሽ" አለ፣ "የቀረውን ማን ያምነኛል?"

ጻፍኩት። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ።

ሦስት ገጽ ሆነ። "አንብቢልኝ" አለ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስሜ ያለበት ጋ ስደርስ ቆምኩ። አልረዳኝም፣ አላጣደፈኝም። ጠበቀኝ። አነበብኩት። ከዚያ ብዕሩን ተቀበለኝና በግራ እጁ፣ ፊደል በፊደል፣ ፈረመ።